«አለ» እና «አሉ»፦ አንቱታና ጨዋነት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ትረካ ውስጥ

የአማርኛ ልብ ወለድ ተራኪ አንድን ገፀ ባሕርይ ገና ከደጃፍ ሲያስገባ፣ ስለ መልኩም ሆነ ስለ ጠባዩ አንዳች ከመናገሩ በፊት፣ ሊያመልጠው የማይችል ምርጫ ይጠብቀዋል። ሰውየው «አለ» ይባል ወይስ «አሉ»? «ተቀመጠ» ነው ወይስ «ተቀመጡ»? የእንግሊዝኛ ተራኪ ይህ ጣጣ የለበትም። የፈረንሳይኛውም ቢሆን የሚቸገረው ገፀ ባሕርያቱ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ነው፤ ስለ እነርሱ ሲተርክ ግን ንጉሡም ሎሌውም በአንድ ዓይነት ግሥ ይሄዳሉ። የእኛው ተራኪ በሦስተኛውም መደብ፣ ያውም በእያንዳንዱ ማሠሪያ አንቀጽ ላይ፣ ማንን እንደሚያከብርና ማንን እንደማያከብር ሳይናገር አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሊጨርስ አይችልም። ሁሉንም «አለ» እያለ ልተርክ ቢል እንኳ ያው መርጧል፤ አንባቢውም ወዲያው ያውቅበታል።

በዚህ ጽሑፍ ይህን ጉዳይ በሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ላይ ተመርኩዤ ለማየት እሞክራለሁ። መጽሐፉን የመረጥሁት ብዙ ስለ ተጻፈበት አይደለም። ይልቁንም ይህን ያህል ተጽፎበት ሳለ፣ እኔ ባነበብኋቸው ጥናቶች ውስጥ ይህ ነገር እንደ ዋዛ ታልፎ ስላገኘሁት ነው። የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፎች ሳማክርና ስፈትን እንዳስተዋልሁት፣ ስለ ባህልና ሥነ ምግባር በልብ ወለድ ውስጥ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ቆጠራ ነው። ሠርጉ፣ ተዝካሩ፣ ማኅበሩ፣ አለባበሱ፣ የእጅ አነሣሡ ከነገጽ ቁጥሩ ተዘርዝሮ «ደራሲው የኅብረተሰቡን ባህል በሚገባ አሳይተዋል» በሚል ይዘጋል። ቆጠራው ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ጨዋነትን እንደ ሞሰብ ወይም እንደ አገልግል ከታሪኩ ተነጥሎ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ያደርገዋል። በእኔ አመለካከት በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ጨዋነት የታሪኩ ጌጥ ሳይሆን የጠቡ መነሻ ነው፤ ጠቡም ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው በግሡ መድረሻ ላይ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ስለ ራሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በመካከለኛው ዘመን ዜና መዋዕሎች፣ በተለይም በ15ኛው መቶ ዘመን፣ «ጨዋ» ማለት በየአገሩ ተመድቦ የሚሰፍር የንጉሥ ጭፍራ ነው። በቤተ ክህነት ሰዎች አነጋገር ደግሞ ጨዋ ማለት ክህነትም ትምህርትም የሌለው ሰው ነው። አንድ የቅኔ ተማሪ ሌላውን «ጨዋ» ካለው ማመስገኑ አይደለም። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ግን ጨዋ ማለት ዘሩ የታወቀ፣ ቀጥሎም አስተዳደጉ የታረመ፣ አንደበቱ የተቆጠበ ሰው ነው። ቃሉ ከአንዱ ትርጉም ወደ ሌላው እንዴት እንደ ተሻገረ መከታተል የቋንቋ ታሪክ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ለሃያሲ የሚጠቅመው ትርጉሞቹ ሁሉ በአንድ ድርሰት ውስጥ ባንድ ጊዜ ሲሠሩ ማየት ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በሦስቱም ጨዋ ናቸው፤ የጦር ማዕረግ አላቸው፣ ዓለማቸው የመጽሐፍ ዓለም አይደለም፣ በአጥንታቸውም ይኮራሉ። በዛብህ ቦጋለ በአንዱም ጨዋ አይደለም፤ ወታደር አይደለም፣ የድሀ ልጅ ነው፣ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ ነው። አራተኛው ትርጉም፣ ማለትም የአንደበትና የጠባይ ጨዋነት ሲመጣ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። የታረመው አንደበት፣ የተቆጠበው ዓይን፣ የሰው ፊት ማፈሩ ያለው ከበዛብህ ዘንድ ነው። የልብ ወለዱ ክርክር በሙሉ በዚህ በአንድ ቃል ውስጥ ተጠቅሎ ይገኛል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አሁን ወደ ግሡ እንመለስ። ተራኪው ፊታውራሪ መሸሻን «አሉ፣ ሄዱ፣ ተቆጡ» እያለ በአንቱታ ይተርካቸዋል። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጣውን ባል በአጥንት እየመዘኑ ሲመልሱ፣ ልጂቱም የጋብቻ ዕድሜዋ ሲያልፍባት፣ አንቱታው አይቀንስም። ገበሬዎቹ ከልማድ የወጣ ነገር ተጠየቅን ብለው እምቢ ሲሉና ፊታውራሪ በገዛ ገበሬዎቻቸው ላይ ሲዘምቱም አይቀንስም። በአበጀ በለው በሚመሩት ገበሬዎች እጅ ሲወድቁም አይቀንስም። እስኪ «ተማረኩ» የሚለውን ግሥ ልብ ብለን እንየው። የደራሲውን ዓረፍተ ነገር እየጠቀስሁ አይደለም፤ የምናገረው ስለ ግሡ ቅርጽ ነው። የግሡ ግንድ ውርደትን ይናገራል፤ መድረሻው ክብርን ይናገራል። በአንዲት ቃል ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ይወድቃል፣ ሲወድቅም ምንጣፍ ይነጠፍለታል። የሀዲስ ስላቅ ዋና ማደሪያው እዚህ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

ስላቅ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን የተጋነነ መግለጫ፣ የሚያስቅ ንጽጽር፣ ወይም የጉዱ ካሳ ዓይነት የሚቆርጥ ንግግር ነው። እነዚህም በመጽሐፉ ውስጥ ሞልተዋል። የተራኪው ስላቅ ግን ከዚህ ይለያል። ተራኪው አይሳደብም፣ ድምፁንም ከፍ አያደርግም። ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ እጁን አጣምሮ፣ በጌታው ፊት እንዳደገደገ ሎሌ ቆሞ ነው የሚተርከው። የቀድሞ ሰው በትልቅ ሰው ፊት ማደግደጉ፣ በመንገድ ሲያገኘው ከበቅሎው መውረዱ፣ እንግዳ ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር» ማለቱ ሁሉ የአካል አንቱታ ነው። አንቱታ ደግሞ የግሥ ማደግደግ ነው። እንዲህ አድርጎ የቆመ ምስክር በጌታው ላይ የሚሰጠው ቃል ክብደቱ የተለየ ነው፤ ጠላት መስሎ ስላልመጣ የሚያስተባብለው የለም። አንድ ሌላ ተራኪ ፊታውራሪን «ይህ ጨቋኝ» ብሎ ቢጀምር ኖሮ አንባቢው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ፍርዱን ሰጥቶ በተቀመጠ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በወጡ አንዳንድ ድርሰቶች ላይ ያየነውም ይኸው ነው። ባላባቱ ገና ሲገባ አንቱታውን ተነጥቆ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚነጠቀው ነገር የለውም።

ብዙዎቻችን መጽሐፉን ያወቅነው በዓይን ሳይሆን በጆሮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ያ ድምፅ ለመጽሐፉ የዋለው ውለታ ትልቅ ነው። ነገር ግን ጥሩ አንባቢ «አሉ» የምትለዋን ቃል በድምፁ ሊያከብራትም ሊያሾፍባትም ይችላል። ወረቀቱ ላይ ያለችው «አሉ» ግን ምንም አትጨምርም፣ ምንም አትቀንስም። ስላቁን የሚሠራው አንባቢው ራሱ ነው።

በክፍል ውስጥ ይህን ሳነሣ አንድ ተቃውሞ ደጋግሞ ይገጥመኛል፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። «ተራኪው ለፊታውራሪ አንቱታ ሲሰጥ፣ የልጅ አባት የሆነውን ቦጋለ መብራቱን ለምን «አለ» ይለዋል? ይህ የመደብ አድልዎ አይደለም?» ይሉኛል። እዚህ ላይ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። አዎን፣ በመጽሐፉ ውስጥ አንቱታ የሚታደለው በዕድሜም በጠባይም ሳይሆን በማዕረግ ነው። ይህ ግን የዚያ ኅብረተሰብ ሚዛን ነው፤ ተራኪው ሚዛኑን ሳያስተካክል እንዳለ አንሥቶ ያሳየናል። ለቦጋለ «አሉ»ን፣ ለፊታውራሪ «አለ»ን ቢሰጥ ኖሮ ፍትሕን በስዋስው ያወጀ ተራኪ ይሆን ነበር። ያን ጊዜ በዛብህን ከሰብለ የሚለየው ገደል ለአንባቢው ጆሮ አይሰማም። የቀረውን ግማሽ መንገድ ግን አልሄድም ማለት ዋጋ አልተከፈለም ማለት አይደለም። ልብ ያላለ አንባቢ ሚዛኑን ከነጉድለቱ ወርሶ ይሄዳል፤ ድሀው «እሱ»፣ ጌታው «እሳቸው» መሆናቸው የተፈጥሮ ሕግ መስሎት ይቀራል። ይህን አንባቢ ማንቃት የሂስ ሥራ እንጂ የደራሲው ግዴታ አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የጉዱ ካሳ ጉዳይ ነው። ካሳ ዳምጤ የፊታውራሪ ዘመድ ነው፤ በትውልድ ቢሆን አንቱታ የሚያንሰው ሰው አልነበረም። እርሱ ግን የክፍሉን ወግ ስለ ተቸ፣ የሚያስበውንም በአደባባይ ስለ ተናገረ፣ «ጉዱ» የሚል ቅጽል ተለጠፈበት፤ የጨዋነት መዝገብ ውስጥም ስሙ ተሰረዘ። ተራኪው ከካሳ ሐሳብ ጋር መስማማቱ ግልጽ ነው። ታዲያ ለምን አንቱታውን አይመልስለትም? እኔ እንደሚመስለኝ በካሳ ላይ ሲደርስ «አለ» ትርጉሟ ተለውጧል። ቦጋለን «አለ» ሲል የማዕረግ ማነስን ይነግረናል፤ ካሳን «አለ» ሲል ግን ቅርበትን ነው። አንቱታ ያርቃል። በፊታውራሪና በአንባቢው መካከል ሁልጊዜ አንድ ቀጭን መጋረጃ አለ፤ ትልቅ ሰው ሲበላ የሚጋረደውን ዓይነት። በካሳና በአንባቢው መካከል ግን መጋረጃ የለም። የልቡን ሲያወራ ከጎኑ ተቀምጠን የምንሰማው ስዋስዉ በሩን ክፍት ስለ ተወው ጭምር ነው።

ይህ የነጠላው ቅርጽ ሁለት ፊት አዲስ ነገር አይደለም። ግዕዝ በግሡ አንቱታ አያውቅም፤ የግዕዝ ዜና መዋዕል ስለ ንጉሥ ሲናገር በነጠላ ነው የሚናገረው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ስለ ጌታ ሲጽፍ «አለ» ይላል፤ ጸሎታችንም «አንተ» ነው። ስለዚህ በአማርኛ «አንተ» የሚባለው ከሁሉ በታች ያለውና ከሁሉ በላይ ያለው ነው፤ አንቱታ የመካከለኞቹ፣ የሚፈራሩትና የሚተዛዘቡት፣ ገንዘብ ነው። «አንቱ የተባለ ሰው» የሚለው አነጋገራችን ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። ሰውየውን ትልቅ ያደረገው ሥራው ሳይሆን ሌሎች የሚጠሩበት ተውላጠ ስም ነው። «አንቱ» በጎጃምና በጎንደር፣ «እርስዎ» በሸዋ መዘውተራቸውም ለጎጃሙ ልብ ወለድ ምልልስ የሚጨምረው ቃና አለ፤ እርሱን ግን የቀበልኛ ጥናት ላላቸው እተዋለሁ።

በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚገናኙት ሁለት የአክብሮት ሥርዓቶች በሚጋጩበት ቦታ ላይ ነው። በዛብህ መምህሯ ነው፤ የመምህር ክብር በአገራችን ከወላጅ አያንስም። በዚያው ልክ ደግሞ የአባቷ ቤት ተቀጣሪ፣ የድሀ ልጅ ነው፤ እርሷ የጌታ ልጅ ናት። እርሱ ከፊደሉ ፊት ሲቀመጥ ይበልጣታል፣ ከፊደሉ ሲነሣ ያንሳታል። እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑን የት ያሳርፋል? እጁን የት ያደርጋል? ፍቅራቸው ለረጅም ጊዜ ሳይነገር መቆየቱን ብዙ ጊዜ «የዘመኑ ይሉኝታ» ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ ከይሉኝታ የጠለቀ ይመስለኛል። ሁለቱን እኩል አድርጎ የሚያነጋግር የጨዋ ቋንቋ በዚያ ቤት ውስጥ የለም። ማንኛውም አነጋገር ወይ አንዱን ወደ ላይ ወይ አንዱን ወደ ታች ያደርጋል። ዝምታ ብቻ ነው ሁለቱን አንድ ደረጃ ላይ የሚያቆማቸው። ስለዚህ ዝም ይላሉ።

ሌሎች ድርሰቶችም ይህንኑ ጉዳይ ነክተውታል፤ እንደ ሀዲስ ግን በስዋስው ውስጥ አልቀበሩትም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»ን ሲያሳትሙ ጨዋነት በግልጽ የሚመከር ነገር ነበር። በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ውስጥ ከፓሪስ ተምሮ ወደ ተጉለት የተመለሰው አወቀ ከአገሩ ሰው ጋር የሚጋጨው በለቅሶና በድግስ ወግ ላይ ነው፤ ክርክሩ ግን በንግግር ይካሄዳል፣ በንግግርም ይፈታል። የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ተውኔት በመሆኑ ተራኪ የለውም፤ ባሕሩ፣ በለጠችና አክስቲቱ ወይዘሮ አልጋነሽ እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበትን ተመልካቹ ራሱ ያዳምጣል። ሳቁም የሚመጣው አንዱ ከተመደበለት ተውላጠ ስም ፈቅ ሲል ነው። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ሌላ ነገር ነው። እዚያ አፍ የከፈተው ወጣት ከሰው ጋር የማይገጥመው የሚለው ነገር ሁሉ ስሕተት ስለሆነ አይደለም፤ መቼና በማን ፊት እንደሚባል ስለማያውቅ ነው። ይህ መጽሐፍ ለብቻው ሊጠና ይገባዋል።

ደርግ «ጓድ» የሚለውን መጠሪያ ሲያመጣ አንቱታ ያበቃለት መስሎት የነበረ ሰው ካለ ተሳስቷል። ሊቀ መንበሩ ጓድ ተብለውም «ገለጹ» እንጂ «ገለጸ» አልተባሉም። ዛሬም በቴሌቪዥን ጠያቂው እንግዳውን «አንተ ልበልህ ወይስ አንቱ?» ብሎ ይጀምራል። ፈቃድ መጠየቁ ደግ ነው፤ ጥያቄው የሚቀርበው ግን በራሱ በነጠላ ስለሆነ መልሱ አስቀድሞ ተሰጥቷል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የእኛ የሃያስያኑ አንደበት ነው። የትምህርት ክፍሎቻችንን ጽሑፎች የሚያገላብጥ ሰው አንድ ልማድ ያገኛል፤ ሀዲስ ዓለማየሁ «ጽፈዋል»፣ በዓሉ ግርማ ግን «ጽፏል»። ከበደ ሚካኤል «ይላሉ»፣ ዳኛቸው ወርቁ «ይላል»። ይህን የደነገገ የለም፤ ከዕድሜ፣ ከማዕረግ፣ ከክቡር ዶክተርነት ተጠራቅሞ የመጣ ነው። ውጤቱ ግን በሂሱ ላይ ይታያል። «እሳቸው» የሚባሉት ደራስያን ሲመሰገኑ፣ «እሱ» የሚባሉት ይተቻሉ። አንድ ተማሪ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን የመጨረሻ ምዕራፎች መርዘም ለመንቀፍ «ደራሲው አላስፈላጊ ነገር አብዝተዋል» ብሎ ሲጽፍ፣ ብዕሩ እንዴት እንደሚከብደው አይቻለሁ። ግሡ ራሱ ይቅርታ ይጠይቃል። ስለ «ኦሮማይ» ሲጽፍ ግን ያው ተማሪ ብዕሩ እንደ ልቡ ነው።

መፍትሔው አንቱታን ማውለቅ አይመስለኝም፤ ደራስያንን ሁሉ «እሱ» ማለት በአማርኛ ነፃነት ሳይሆን ብልግና ሆኖ ይሰማል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እኔ የተከተልሁት ሌላ መንገድ ነው። ደራሲው፣ ማለትም ተወልደው፣ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለው ያለፉት ሰው፣ በአንቱታ ይጠራሉ። ተራኪው ግን ሰው አይደለም፤ የድርሰቱ አንድ መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ «ይተርካል»፣ «ያሾፋል»። በሌሎች ቋንቋዎች የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን ደራሲንና ተራኪን እንዲለዩ ለማስተማር ብዙ ገጽ ይፈጃል። አማርኛ ልዩነቱን በአንዲት መድረሻ ፊደል ይሰጠናል። «ሀዲስ ፊታውራሪን ያከብራሉ» እና «ተራኪው ፊታውራሪን ያከብራል» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። ሁለተኛው እውነት ነው። የመጀመሪያውን መጽሐፉ ራሱ አያስብለንም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የልብስ ለውጥ ነገር። በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ሴት ወንድ መስላ ስትወጣ ሰብለ ወንጌል የመጀመሪያዋ አይደለችም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳለች። ልዩነቱ የጦቢያ መመሰያ ወጣት ወንድ ነው፤ የሰብለ ግን መነኩሴ ነው። ጦቢያን የሚያናግር ሁሉ «አንተ» ማለት አለበት፤ እያንዳንዱ ግሥ ወንድነቷን ደጋግሞ ይመሰክራል፣ እያንዳንዱም ግሥ የሚዋሽ ነው። መነኩሴ ግን «አባ» ነው፣ አንቱታ ይገባዋል፤ የአማርኛ አንቱታ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም። «መጡ»፣ «አረፉ»፣ «እሳቸው» ለአባም ለእማሆይም እኩል ነው። ለመነኩሴ በሚገባው አክብሮት የሚያናግራት መንገደኛ፣ ከመጠሪያው በቀር፣ በግሡ ስለ ጾታዋ ምንም አይዋሽም። ሰውነቷም ቢሆን ብዙ መለወጥ አያስፈልገውም። ዓይንን መሬት ላይ መጣል፣ ፊትን መከናነብ፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ከሰው ጋር አለመሣቅ፦ የጨዋ ልጅ ሆና ስታድግ በአባቷ ቤት የተማረችው በሙሉ ይኸው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን አጥሮ እንዲይዝላቸው ያስተማሯት ጨዋነት፣ ከቤታቸው ወጥታ በረጅሙ መንገድ ላይ ማንም ሳያውቃት እንድታልፍ ያስቻላት መሸፈኛ ሆኖ ተገኘ።